ኤፒዩ በባትሪ ብቻ ሲነሳ ውስጡ ምን ይከናወናል?

የቡልቡላ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ቡልቡላ ነው። ንጋት ላይ ነፋሱ ከአየር ማረፊያው ወደ እኛ ሲዞር ያ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ይሰማል። ሰፈሩ ሁሉ «አውሮፕላን እየሞቀ ነው» ይላል። እኔ አሁን ኤፒዩ መሆኑን ለይቼ አውቃለሁ፤ በጅራቱ ጫፍ ያለው፣ ዋናዎቹ ሞተሮች ሳይነሱ ለአውሮፕላኑ መብራትና አየር የሚሰጠው ትንሽ ተርባይን ነው።

ቅደም ተከተሉን በቃሌ ይዤዋለሁ። ባትሪውን ማብራት፣ የእሳት ጠቋሚውን መፈተሽ፣ ማብሪያውን ወደ «ስታርት» ወስዶ መልቀቅ፣ ከዚያ መጠበቅ። የማይገባኝ ይህ መጠበቅ ነው። በዚያ መሀል ምን እየተከናወነ ነው? የ24 ቮልት ባትሪ ብቻውን እንዴት ተርባይን ለማዞር ይበቃል? አልነሳ ሲልስ ወዲያው ደግሞ መሞከር ለምን ይከለከላል? ለፈተና የሚሆን መልስ አለኝ፤ ልቤን የሚያሳርፍ መልስ ግን አላገኘሁም።

የቃሊቲ ጋራዥ

ወንድሜ፣ እኔ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። አውሮፕላን በቅርብ ነክቼ አላውቅም፤ ነገሩ ግን ከመኪና ሞተሪኖ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ባትሪ ሞተሪኖን ያዞራል፣ ሞተሪኖ ሞተሩን ያዞራል፣ ነዳጅ ይገባል፣ ይነሳል። ኅዳር ላይ ብርድ ውስጥ ያደረ የናፍጣ መኪና በመጀመሪያው ካልተነሳ በሦስተኛው ይነሳል፤ እኛ ቁልፉን ደግመን ደጋግመን እናዞራለን። ባትሪው እስካለ ድረስ አውሮፕላን ላይ ይህ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጡረተኛ ቴክኒሻን

ልጄ፣ ጥያቄህ አስደስቶኛል። ቅደም ተከተሉን የሚያነበንብ ሞልቷል፤ ከሙቀት መለኪያው መርፌ ጋር አብሮ የሚያስብ ነው የሚፈለገው።

የቃሊቲው ወንድሜ የተናገረው እስከ መንገዱ እኩሌታ ትክክል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ነው። የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ በራሱ ይቀጥላል፤ ሞተሪኖው ወዲያው ይለቀዋል። ተርባይን እንዲህ አይደለም። እሳቱ የሚለኮሰው ገና በዝቅተኛ ፍጥነት ሳለ ነው። በዚያ ፍጥነት የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ፣ ከቃጠሎው የሚገኘው ጉልበት አየሩን የሚጨምቀውን የፊት ክፍል፣ መጭመቂያውን፣ ለማዞር አይበቃም። ስለዚህ ስታርተሩ፣ ማለትም የኤፒዩው ሞተሪኖ፣ እሳቱ ከተያዘ በኋላም መግፋቱን ይቀጥላል፤ ተርባይኑ ራሱን የሚችልበት ፍጥነት ላይ እስኪደርስ አይለቅም። አሳሳቢው ጊዜ ይህ ነው። በዚህ መሀል ባትሪው ቢደክም ወይም ስታርተሩ ቀድሞ ቢለቅ ነዳጁ በዝቶ አየሩ ያንሳል፤ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል፤ የተርባይኑ ምላጮች ይጎዳሉ።

በቦይንግ 737-800 እንየው። ማብሪያው ወደ ስታርት ተወስዶ ሲለቀቅ ሥራውን የኤፒዩው ኮምፒውተር ይረከባል። የመጀመሪያው ክንውን ኮክፒት ለተቀመጠ ሰው አይሰማም፤ በጅራቱ ቀኝ ጎን ያለው የአየር መግቢያ በር ይከፈታል። በሩ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ስታርተሩ አይገባም። ጀማሪዎች «ነክቼዋለሁ፣ ምንም የለም» ብለው የሚጨነቁት በእነዚህ ሰከንዶች ነው። ከዚያ ስታርተሩ ይይዛል፤ ዘንጉ መዞር ይጀምራል፤ ነዳጅና የካንዴላ ብልጭታ ይከተላሉ፤ የጭስ ማውጫው ሙቀት በፍጥነት ይወጣል። ዓይንህን ከዚያ መርፌ አታንሳ። በጤነኛ አነሳስ ሙቀቱ ጫፍ ይደርስና ፍጥነት ሲጨምር፣ አየሩም ሲበዛ ተመልሶ ይወርዳል። ወጥቶ አልወርድ ካለ፣ ወይም ፍጥነቱ እኩሌታ መንገድ ላይ ተገትሮ ከቀረ፣ ነገሩ አልተሳካም። ኮምፒውተሩ ራሱ ያቋርጠዋል።

ጤነኛው አነሳስ እስከ 120 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። መጨረሻ ላይ አንዲት ሰማያዊ መብራት ትበራለች። ትርጉሟ «ጄኔሬተሩ ዝግጁ ነው፤ ገና ግን ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም» ነው። ከዚያ በኋላ አንተ በእጅህ ታገናኘዋለህ።

አሁን ወደ ድጋሚ ሙከራው ልምጣ። አንደኛ፣ ስታርተሩ በአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት ስለሚያወጣ ጥምጥሙ ይግላል፤ ሳይበርድ ከተደገመ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ባትሪው በመጀመሪያው ሙከራ ደክሟል፤ ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ባነሰ ጉልበት ይጀመራል፤ እኩሌታ መንገድ ላይ የመቅረቱም ዕድል ይጨምራል። ሦስተኛውን እኔ ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ። በከሸፈው ሙከራ ገብቶ ያልነደደ ነዳጅ ማቃጠያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ሳይወጣና ሳይደርቅ እንደገና ብልጭታ ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉም በጅራቱ በኩል ይወጣል። በየስንት ደቂቃው፣ ስንት ጊዜ መሞከር እንደሚቻል በእያንዳንዱ ዓይነት መመሪያ ላይ ተጽፏል። ከአንዱ አውሮፕላን ለሌላው በግምት አይወሰድም።

የቃሊቲ ጋራዥ

አመሰግናለሁ ጋሼ። ያልነደደውን ነዳጅ ነገር አላሰብኩትም ነበር። አንድ ግን ልጠይቅዎ። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያቋርጠው ከሆነ ሰው መርፌ ላይ ማፍጠጡ ምን ይጠቅማል? ከእሱ የሚፈጥን ሰው የለ።

ጡረተኛ ቴክኒሻን

እውነት ነው፣ ለማቋረጥ ኮምፒውተሩ ይቀድማል። የሰው ድርሻ እንዴት እንደከሸፈ ማየት ነው። ዘንጉ ሳይዞር ቀረ? እንግዲያው በሩን፣ ባትሪውን፣ ስታርተሩን ጠርጥር። ዞሮ ሙቀት ሳይመጣ ቀረ? ነዳጁን ወይም ብልጭታውን ፈልግ። ሙቀት መጥቶ ፍጥነት እምቢ አለ? የስታርተሩን ጉልበትና የአየሩን መንገድ ተመልከት። ኮምፒውተሩም ጥፋቱን መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ያንን ለማንበብ ግን ጊዜ ወስዶ መሄድ ያስፈልጋል። መርፌውን ያየ ቴክኒሻን የት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። ያላየው ማብሪያውን ከመድገም ሌላ የሚያደርገው የለውም። የጥገና ሙያ ክብሩ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማብሪያ መንካት ለማንም ይቻላል።

አራት መቶ ኸርዝ

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ፤ የ24 ቮልቱን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ።

ባትሪው በቀጥታ ተርባይኑን አያዞርም። በ737-800 ላይ የባትሪው ኃይል መጀመሪያ ወደ አንድ መሣሪያ ይገባና ወደ 270 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ከፍ ይላል። ሁለተኛው መሣሪያ ያንን ተቀብሎ ወደ ሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ጅረት ይለውጠውና ለስታርተሩ ይመግባል። ቮልቴጁ ለምን ከፍ ይላል? ያንኑ ጉልበት በ24 ቮልት ለማድረስ ቢፈለግ ባትሪው ከፊት፣ ኤፒዩው ከኋላ ስለሆነ በጣም ወፍራም ገመድ ከአፍንጫ እስከ ጅራት መዘርጋት ይኖርበታል። አውሮፕላን ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ይከፈልበታል።

ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ይህ ነው። ስታርተሩና ጄኔሬተሩ አንድ ማሽን ናቸው። ተርባይኑን ገፍቶ ያስነሳው ማሽን ተርባይኑ ራሱን ሲችል ሚናውን ይቀይርና በተርባይኑ እየተገፋ 115 ቮልት፣ 400 ኸርዝ፣ እስከ 90 ኪሎ ቮልት አምፔር ማመንጨት ይጀምራል። በቀድሞዎቹ ኤፒዩዎች ላይ ስታርተሩ ለብቻው የተቀመጠ የቀጥተኛ ጅረት ሞተር ነበር፤ ካርቦኑ እያለቀ ይቀየር ነበር።

ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አውሮፕላን 400 የመረጠው ድግግሞሹ ሲጨምር የትራንስፎርመሩና የሞተሩ ብረት እያነሰና እየቀለለ ስለሚሄድ ነው።

የጎሮ እናት

ልጆቼ፣ በጸሎት ሰዓት ሁልጊዜ የምሰማውን ድምፅ ስም ዛሬ ከእናንተ አገኘሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ ማሽኑን አልጠላውም። ሰው ወደ ዘመዱ የሚሄድበት ነው። ነገር ግን ሕፃን የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ፉጨቱ ሲረዝም ከእንቅልፏ ትነቃለች። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ያን ያህል ሰዓት መጮኹ ግድ ነው ወይስ ልማድ ነው?

አራት መቶ ኸርዝ

እማማ፣ በእውነት ልንገርዎ፤ ሁልጊዜ ግድ አይደለም። አውሮፕላን ቆሞ ሳለ ኤሌክትሪኩን ከመሬት መውሰድ ይችላል። ገመዱ ይሰካል፣ ኤፒዩው ይጠፋል። በአውሮፓ እንደ ዙሪክ ያሉ አየር ማረፊያዎች ኤፒዩ የሚሠራበትን ጊዜ በደንብ ገድበውታል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እርስዎ ያነሡት የነዋሪው እንቅልፍ ነው።

እኛ ዘንድ ሌላም ምክንያት አለ። የ737 ኤፒዩ መሬት ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ግራም አካባቢ ነዳጅ ይበላል፤ ወደ 125 ሊትር ማለት ነው። ያ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ በቦቴ ተጭኖ የመጣ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። 50 ኸርዙን ወደ 400 የሚለውጥ መሣሪያ መቆሚያው ላይ ተተክሎ ከመስመሩ ቢመገብ የዓባይና የኦሞ ውኃ የአውሮፕላኑን መብራት ያበራል፤ የልጅ ልጅዎም ትተኛለች። በዚህ ላይ ምንም ጥርጥር የለኝም፤ ባገኘሁት መድረክ ሁሉ እናገረዋለሁ።

ጡረተኛ ቴክኒሻን

በዋናው ነገር እስማማለሁ፤ ግን ሚዛኑ እንዳይዛባ። ኤሌክትሪክ ብቻ አውሮፕላን አያስነሳም። የ737 ዋና ሞተሮች የሚነሱት በአየር ግፊት ነው። ያንን አየር የሚሰጠው ኤፒዩ ነው፤ እሱ ከሌለ ደግሞ የአየር መጭመቂያ የጫነ መኪና መቅረብ አለበት። ተሳፍራችሁ ከሆነ ሞተር ሊነሳ ሲል የመንገደኞች ክፍል ማቀዝቀዣ ድንገት ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። የሚቋረጠው አየሩ በሙሉ ለሞተሩ ስታርተር እንዲሄድ ነው። ስለዚህ ኤፒዩ በፍጹም አይነሳ ማለት አይቻልም። ከመነሻው ጥቂት ቀደም ብሎ ይነሳ፣ እስከዚያ የመሬት ኃይል ይሥራ ማለት ግን ይቻላል፤ ይገባልም።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1962 ቦይንግ 720 ሲያመጣ የቀድሞው የልደታ አየር ማረፊያ ሜዳ ለጄት ስላልበቃ ነው ቦሌ የተሠራው። የ720 ሞተሮች የማስነሻ አየር በአብዛኛው የሚያገኙት ከመሬት ነበር፤ መኪናው ከሌለ ወይም ከተበላሸ አውሮፕላኑ ባለበት ሊቆም ይችላል። በዚያው አሥርት ዓመት ለዓለም ገበያ የወጣው ቦይንግ 727 ነው ኤፒዩ ይዞ በመምጣት የታወቀው የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት፤ የታቀደውም የመሬት መሣሪያ በሌላቸው ትናንሽ አየር ማረፊያዎች እንዲሠራ ነበር። እንደ እኛ ላለ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የራሱን ኃይል የያዘ አውሮፕላን ማንንም ሳይጠብቅ ይነሳል።

የጎሮ እናት

ገባኝ ልጆቼ። ጥቂት ቀደም ብሎ ከሆነ የሚጮኸው ማን ይከፋዋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዳይሆን ነው።

የበረራ ክፍል ሰው

ዘግይቼ ብገባም ከአብራሪ ወገን ልጨምር። መሬት ላይ ኤፒዩ ምቾት ነው፤ ሰማይ ላይ ሕይወት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 ኒው ዮርክ ላይ ኤርባስ 320 ከወፎች መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮች ኃይል ሲያጡ ካፒቴን ሰለንበርገር ወዲያው ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ኤፒዩውን ማስነሳት ነበር። በማረጋገጫ ዝርዝሩ ላይ ይህ እርምጃ ተራው ገና ወደታች ነበር። ቀድሞ በመነሳቱ አውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ሳያጣ፣ የበረራ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮቹም እንደሠሩ ሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ።

በሌላ በኩል ቦይንግ 787ን ተመልከቱ። እዚያ ኤፒዩው ጭራሹን አየር አይሰጥም። ሥራው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው 225 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆኑ ሁለት ጄኔሬተሮች አሉት፤ ዋናዎቹም ሞተሮች በኤሌክትሪክ ነው የሚነሱት። ያንን ኤፒዩ የሚያስነሳው ባትሪ ሊቲየም ነው፤ ስምንት ሕዋሳት አሉት። እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 2013 ቦስተን ላይ የአንድ የጃፓን አየር መንገድ 787 የኤፒዩ ባትሪ ከውስጥ ሾርት አድርጎ ተቃጠለ፤ መንገደኞቹ ወርደው ነበር። ከቀናት በኋላ ሌላ 787 ዋናው ባትሪው ተበላሽቶ ተገድዶ አረፈ፤ የዓለም 787 በሙሉም መሬት ያዘ። ማሻሻያው ተሠርቶ ሲያበቃ መንገደኛ ጭኖ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው የኢትዮጵያው ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2013 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ። ባትሪን «ማስነሻ ብቻ» ብሎ የሚያቃልል ሰው ይህን ያስታውስ።

የቡልቡላ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። ኤፒዩው አየር እየሳበ የሚሠራ ከሆነ እዚህ ሲነሳ አይቸገርም?

ጡረተኛ ቴክኒሻን

በጫማ ከ7,600 በላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያው መጠን አየር ሲሳብ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የአየሩን ግፊት ለክቶ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መነሳቱን ይነሳል። የምታስተውለው ከተነሳ በኋላ ነው። የሚሰጠው አየር ግፊት እንደ ጅቡቲ አይሆንም፤ ሸክም ሲበዛበትም ሙቀቱ ወደ ወሰኑ ቶሎ ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ኤፒዩው ለኤሌክትሪክ ቅድሚያ ሰጥቶ የሚወጣውን አየር ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሸክሙ ከልክ ካለፈ ደግሞ መጀመሪያ የሚቋረጠው የምግብ ማሞቂያው ነው።

የ737-800 ወሰን እንዲህ ነው። አየርና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ እስከ 10,000 ጫማ፣ አየር ብቻ እስከ 17,000፣ ኤሌክትሪክ ብቻ እስከ 41,000። ቦሌ ከመጀመሪያው ወሰን ብዙም አይርቅም፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሲሰጥ እየሠራ ያለው ከወሰኑ አጠገብ መሆኑን አስብ። ለዚህ ነው እዚህ የሠለጠነ ቴክኒሻን የሙቀት መርፌን ማክበር ቶሎ የሚለምደው። ከተነሳ በኋላም አየር ከመውሰድህ በፊት አንድ ሙሉ ደቂቃ ስጠው፤ ብረቱ እኩል ይሙቅ።

የቃሊቲ ጋራዥ

ሲጠፋስ? ቱርቦ ያለውን መኪና እኛ ከረጅም ጉዞ በኋላ ወዲያው አናጠፋም።

ጡረተኛ ቴክኒሻን

እዚህ ላይ አንድ ነን። ማብሪያው ወደ «አጥፋ» ሲሄድ ኤፒዩው ወዲያው አይቆምም። የሚሰጠውን አየር ይዘጋና ያለ ሸክም ለ60 ሰከንድ ያህል እየዞረ ይበርዳል፤ ከዚያ ነዳጁ ይቋረጣል፣ የአየር በሩም ይዘጋል። ይህ ሁሉ ሳያልቅ ባትሪውን ያጠፋ ሰው የመብረጃ ጊዜውን ነጥቆታል፤ በሩም ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ያቺ ሰማያዊ መብራት ከጠፋች በኋላ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ነው ባትሪው የሚጠፋው። ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ሲደርስ በብዛት የሚዘለለው እርምጃ ይህ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ከአሁኑ ልማድ አድርገው።

የቡልቡላ ተማሪ

እሺ ጋሼ። የመጨረሻ ጥያቄ። በሚቀጥለው ሳምንት የተግባር ትምህርት አለን፤ ኤፒዩ ሲነሳ ከውጭ ሆነን እንድንመለከት ተነግሮናል። የት ልቁም?

ጡረተኛ ቴክኒሻን

ከጅራቱ ኋላ አትቁም፤ የሚወጣው ጋዝ ያቃጥላል። በቀኝ በኩል ካለው የአየር በር ሥርም አትቁም፤ ሲከፈት የሚስበው ነገር አይታወቅም፣ ኮፍያም ቢሆን ወረቀት። የጆሮ መከላከያህን ሳታደርግ አትቅረብ። ከመነሳቱ በፊት ደግሞ አስተማሪህን የጎማው ጉድጓድ ውስጥ ያለውን የእሳት መቆጣጠሪያ እንዲያሳይህ ጠይቅ። ኤፒዩው ላይ እሳት ቢነሳ መሬት ላይ ያለው ጡሩምባ የሚጮኸው እዚያ ነው፤ ኤፒዩው በራሱ ይጠፋል፣ የማጥፊያውን ጠርሙስ ግን ሰው ነው መልቀቅ ያለበት። ኮክፒት ማንም ከሌለ ያ ሰው አንተ ልትሆን ትችላለህ። እጀታው የት እንዳለ ሳታውቅ ሥር አትቁም።

የቡልቡላ ተማሪ

ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ከተግባሩ በኋላ የሙቀት መርፌውን አወጣጥና አወራረድ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ፤ ካልተሳካም የት ላይ እንደቆመ።